አምስት ዓመት የሚዘልቅ ላፕቶፕ፦ ለጎጃም የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው

የኢንጂነሪንግ ትምህርት ከፍሬሽማን እስከ ምረቃ አምስት ዓመት ይፈጃል። በባሕር ዳር ፖሊ ግቢም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ በእነዚህ ዓመታት ላፕቶፕ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ ነው። ገንዘቡም ከጤፍና ከበቆሎ ሽያጭ ተቀንሶ ወይም በወንድምና በእህት ተዋጥቶ የሚገኝ ስለሆነ፣ ተሳስቶ ሌላ መግዛት የሚታሰብ አይደለም።

ስለዚህ ከፍጥነቱ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ሲበላሽ እዚሁ ይጠገናል ወይ?» የሚለው ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ባትሪ ይደክማል፣ ቻርጀር ይቃጠላል፣ ራም (ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ያንሳል፤ ይህ የማይቀር ነው። እነዚህ በካቻቢቴ ተፈትተው የሚቀየሩበት ላፕቶፕ እስከ ምረቃ ያደርሳል። ራሙ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየደና መለዋወጫው አዲስ አበባ እንኳ የማይገኝ ላፕቶፕ ግን፣ አዲስ ሆኖ ከካርቶን ቢወጣም፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ጥሎ ይጥላል።

ዲፓርትመንት ሳይለይ አትቸኩሉ

በፍሬሽማን ዓመት ከባድ ሶፍትዌር የለም። ፒዲኤፍ ማንበብ፣ አሳይመንት መጻፍና የፕሮግራሚንግ መለማመጃ ብቻ ስለሆነ፣ ከቤተሰብ የተገኘ አሮጌ ላፕቶፕ ወይም የግቢው ኮምፒውተር ላብ ያደርሳል። ሲቪል እገባለሁ ብሎ የገዛ ልጅ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ሊደርሰው ይችላል፤ አርክቴክቸር የሚገባ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ማሽን ያስፈልገዋል። መቆየት ከቻላችሁ ዲፓርትመንት እስኪታወቅ ቆዩ። ወላጆችም ቢሆኑ እህል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ እጃቸው ትንሽ ስለሚላላ መቆየቱ ለሁለቱም ወገን ይበጃል። መቆየት ካልተቻለ ባዶ የራም ማስገቢያ ያለው ላፕቶፕ ግዙ፤ በኋላ በትንሽ ወጪ ይሻሻላል።

ዲፓርትመንቱ የሚጠይቀው

ሲቪል ላይ ኢታብስ፣ ሳፕ2000፣ አውቶካድና ሲቪል 3ዲ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ይበዛሉ። እነዚህ ሥራቸውን የሚሠሩት በፕሮሰሰርና በራም ነው። የጌም ግራፊክስ ካርድ ኢታብስን አያፈጥነውም፤ ለሲቪል ተማሪ «ግራፊክስ አለው» ተብሎ የሚጨመር ዋጋ በአብዛኛው የባከነ ነው። 16 ጊጋ ራምና ባለአራት ኮር (አራት የስሌት ክፍል ያለው) ፕሮሰሰር ይበቃል።

ሜካኒካል ከዚህ ይከብዳል። ሶሊድወርክስ ላይ ብዙ ክፍሎች ያሉት አሴምብሊ ሲሽከረከር የተለየ የግራፊክስ ካርድ ልዩነቱ ይታያል፤ ለዚህ ሥራ የተሠሩት የኤንቪዲያ ኳድሮ ካርዶች ናቸው። አንሲስ ደግሞ ራም ይበላል። ሜሹ (ሞዴሉ የሚከፋፈልበት የጥቃቅን ክፍሎች መረብ) ሲደቅ ስሌቱ ከራም አልፎ ወደ ዲስክ ይፈስሳል፤ ያኔ በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። ስለዚህ 16 ጊጋ መነሻ ይሁን፤ እስከ 32 ማሳደግ የሚቻል መሆኑንም አረጋግጡ።

የኤሌክትሪካል ተማሪ በማትላብና በፕሮቲየስ ስለሚሠራ በ8 ጊጋ መጀመር ይችላል፤ ሲሙሊንክ ሲመጣ ግን 16 ያስፈልገዋል። ለአርዱዊኖና ለላብ መሣሪያዎች የተለመደው ሰፊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ቢያንስ ሁለት ይኑረው፤ ኔትወርክ ለሚማር ደግሞ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለው ይመረጣል። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ላይ አንድሮይድ ስቱዲዮ ከነኢሙሌተሩ (ኮምፒውተር ላይ ስልክ ከሚያስመስለው ክፍል ጋር) ሲከፈት 8 ጊጋ ወዲያው ያልቃል። የውኃ ሀብት ተማሪ የዓባይን ተፋሰስ የከፍታ ዳታ አርክጂአይኤስ ላይ ሲከፍት ከራሙ በተጨማሪ ሰፊ የዲስክ ቦታ ስለሚያስፈልገው ከ512 ጊጋ በታች አይግዛ። ኬሚካል ላይ ያለው አስፐን መካከለኛ ማሽን ይበቃዋል።

የጌም ላፕቶፕ በእውነት የሚጠቅመው ለአርክቴክቸር ተማሪ ነው፤ ሉሚዮን የሚባለው ሶፍትዌር ያለ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ አይንቀሳቀስም። ለሌሎቹ ጉዳቱ ያመዝናል፦ ቻርጀሩ ከባድ ነው፣ ባትሪው ሥራ ላይ ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም፣ ይሞቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ችግር ነው።

ማክቡክ ጥራቱ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ኢታብስ፣ ሳፕ2000፣ ሪቪትና ሶሊድወርክስ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ለሲቪልና ለሜካኒካል ተማሪ ማክቡክ አትግዙ። ራሙም ማከማቻውም በኋላ አይጨመርበትም።

ፕሮሰሰሩን ከነቁጥሩ አንብቡ

ቴሌግራም ላይ «ኮር አይ7፣ በጣም ንጹህ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሙሉ ቁጥሩን ጠይቁ። አይ7 መባሉ ብቻውን ምንም አይነግርም። አይ7-4600ዩ ሁለት ኮር ብቻ ያለው አሮጌ ፕሮሰሰር ነው፤ አይ5-8250ዩ አራት ኮር ስላለው በብዙ ሥራ ይበልጠዋል። ከሰረዙ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ጀነሬሽኑን ያሳያል፦ 8250 ስምንተኛ፣ 1135 አስራ አንደኛ፣ 1235 አስራ ሁለተኛ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደልም ቁም ነገር አላት። «ዩ» ማለት ኃይል ቆጣቢ ነው፤ ባትሪው ይቆያል። «ኤች» ማለት ኃይለኛና ሙቀተኛ ነው።

የኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች አትውረዱ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ። ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽን «ዩ» ፕሮሰሰሮች ሁለት ኮር ብቻ ናቸው፤ አራት ኮር የተለመደው ከስምንተኛ ጀምሮ ነው። ሁለተኛው የዊንዶውስ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። ዛሬ ባለ ስድስተኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ መግዛት ማለት መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ማሽን መግዛት ማለት ነው፤ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ግቢ ደግሞ ይህ አያዋጣም። ከሌላው የፕሮሰሰር አምራች ከኤኤምዲ ራይዘን 5 4500ዩን፣ 5600ዩን ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ብታገኙ ያለ ሥጋት ግዙ።

ሴሌሮን ወይም ፔንቲየም ተብሎ፣ 4 ጊጋ የተበየደ ራምና 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ (ቦርዱ ላይ የተበየደ ዘገምተኛ) ማከማቻ ይዞ፣ «ብራንድ ኒው» ተብሎ የሚሸጥ ላፕቶፕ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። አዲስነቱ ወላጅን ያማልላል፤ አውቶካድ ግን በቅጡ አይከፍትም፣ ማሻሻያ መንገድም የለውም። ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ በብዙ እጥፍ ይሻላል።

የሚፈለጉት ሞዴሎች

ረጅም ዕድሜ ያላቸው ለድርጅት ሠራተኞች ተብለው የሚሠሩት ናቸው፦ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲውድና የኤችፒ ኤሊትቡክ። በውጭ አገር ድርጅቶች በብዛት ገዝተው ከጥቂት ዓመት በኋላ ስለሚለውጧቸው ወደ እኛ ገበያ በብዛት ይገባሉ። ስለበዙም ኪቦርዳቸው፣ ስክሪናቸው፣ ባትሪያቸው ይገኛል፤ ጥገና ቤቶችም ለምደዋቸዋል። ማጠፊያቸው ብረት ነው። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የማጠፊያው ብሎን የሚያዘው ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ናስ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት ፕላስቲኩ ይሰነጠቅና ስክሪኑ መቆም ያቅተዋል።

ቲንክፓድ ቲ480 ለጎጃም ተማሪ ተብሎ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይስማማል። ሁለት የራም ማስገቢያ አለው። ከውስጥ አንድ ባትሪ፣ ከውጭ ደግሞ በእጅ የሚነቀል ሌላ ባትሪ ስላለው፣ ላፕቶፑ ሳይጠፋ የውጪውን አውጥቶ ሌላ መክተት ይቻላል። የውጪው 24፣ 48 ወይም 72 ዋት-ሰዓት ሊሆን ስለሚችል የትኛው እንደተገጠመ እዩ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ በዚያ ዘመን የወጡ ቲንክፓዶች የተንደርቦልት (የፈጣኑ ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ) ፈርምዌር፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ የተጫነው ፕሮግራም፣ ጉድለት ነበረባቸው፤ ሳይዘመን ከቆየ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳው፣ ማለትም ቻርጅ የሚደረግበት ዋናው ቀዳዳ፣ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ሌኖቮ ማስተካከያውን በነጻ ስላወጣ በገዛችሁበት ዕለት ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ጫኑት።

ቲ490 እና የመጀመሪያው ቲ14 አንዱ ራማቸው የተበየደ፣ ሌላው የሚቀየር ነው፤ የተበየደው 8 ጊጋ ከሆነ ጥሩ ናቸው። ኤክስ1 ካርቦን ቀላልና ውብ ነው፤ ግን ራሙ በሙሉ የተበየደ ስለሆነ 16 ጊጋ ያለውን ካላገኛችሁ እለፉት። ላቲቲውድ 5490 እና 5420፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ጂ6 ሁለት ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው። ለሜካኒካል ተማሪ ዴል ፕሪሲዥን 3530 ከኳድሮ ካርዱ ጋር ሚዛናዊ ነው። ፕሪሲዥን 7530፣ ዜድቡክ 15 ጂ5 እና ቲንክፓድ ፒ52 ኃይለኞች ናቸው፤ ነገር ግን ይከብዳሉ፣ ከ150 ዋት ያላነሰ ቻርጀርም ይፈልጋሉ። ያ ቻርጀር ቢቃጠል ምትኩን ጎጃም ውስጥ በአንድ ቀን ማግኘት ያስቸግራል።

ስክሪኑ 1920 በ1080 ይሁን። ከላይ ከጠቀስናቸው ሞዴሎች አንዳንዶቹ 1366 በ768 ስክሪን ይዘው ስለሚመጡ ዋጋው ረከሰ ብላችሁ አትሳቡ፤ አውቶካድ ላይ የመሣሪያ መደርደሪያው ግማሹን ቦታ ይይዘዋል፣ ከጎን ሲታይም ቀለሙ ይገለበጣል።

ራምና ማከማቻ

ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ፐርፎርማንስ ስር ሜሞሪ የሚለውን ተጫኑ፤ ከስንት ማስገቢያ ስንቱ እንደተያዘ ያሳያል። «1 ከ2» ካለ አንድ ባዶ አለ ማለት ነው፤ የተበየደ ራምም እንደ አንድ ማስገቢያ ሊቆጠር ስለሚችል ሞዴሉን አጣሩ። አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ብቻ የተገጠመለት ላፕቶፕ ገዝቶ በኋላ ሌላ 8 መጨመር የተለመደውና የሚያዋጣው መንገድ ነው፤ ሁለቱ ሲሆኑ አብሮ የተሠራው ግራፊክስም ይፈጥናል። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ቀዳዳቸው ስለሚለያይ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እወቁ።

ማከማቻው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ማከማቻ) መሆን አለበት። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ዘገምተኛ ነው፤ በጉዞ መንገጫገጭ ይጎዳል። በጣም ረክሶ የሚሸጥና ስሙ የማይታወቅ ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ ወይም ፍላሽ ካያችሁ ተጠራጠሩ። መጠኑ በሐሰት የተጻፈበት ብዙ አለ፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ፋይሎች ድምፅ ሳያሰሙ ይጠፋሉ። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጣል።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ይህን ክፍል አታሳጥሩት። አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ነጋዴው ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። አዲስ አበባ መገናኛ ወይም መርካቶ ለሚገዛ ደግሞ ፍተሻው ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ዓባይን ተሻግሮ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ለመመለስ የሚወጣው ወጪ ቀላል አይደለም። ክሪስታልዲስክኢንፎ፣ ሲፒዩ-ዚ እና ኤችደብሊውኢንፎ የሚባሉት የመፈተሻ ፕሮግራሞች የተጫኑበት ፍላሽ፣ የጆሮ ማዳመጫና ዳታ ያለው ስልክ ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ ሳታበሩት እዩት። ከታች ያሉት ብሎኖች የጎደሉ ወይም ራሳቸው የተላጠ ከሆነ በማያውቅ እጅ ተከፍቷል። ክዳኑን በአንድ ጥግ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ የሚንቋቋ ድምፅ ወይም በማጠፊያው አጠገብ ክፍተት ካለ ተዉት። ታችፓዱ ወደ ላይ ካበጠ ወይም ለመጫን ከደነደነ ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጧል ማለት ነው፤ ይህ አደገኛ ስለሆነ ሳይቀየር አይወሰድ።

ቀጥሎ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ ማዋቀሪያ) ውስጥ ግቡ። ሲበራ በቲንክፓድ ኤፍ1፣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10 ደጋግማችሁ ተጫኑ። ፓስዎርድ ከጠየቀ አትግዙ፤ «እንከፍተዋለን» የሚለውን ቃል አትቀበሉ። ባዮስ ውስጥ የሚታየው ሴሪያል ቁጥር ከሥር ከተለጠፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። አብሶሉት ወይም ኮምፒውትሬስ የሚል መስመር ፈልጉ፤ በቋሚነት ሥራ ላይ ነው ካለ የቀድሞው ድርጅት ከርቀት ሊቆልፈው ይችላል።

ከድርጅት የወጡ ላፕቶፖች ሌላም የተሰወረ ወጥመድ አላቸው። አንዳንዶቹ በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ አሁንም በቀድሞው ድርጅት ስም ተመዝግበዋል። ሻጩ ያለ ኢንተርኔት ዊንዶውስ ስለሚጭንባቸው ሲታዩ ደህና ናቸው፤ ከወራት በኋላ ፎርማት ስታደርጉና ኢንተርኔት ሲያገኙ ግን የማታውቁት ድርጅት አርማ ወጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ በደንቡ መክፈት የሚችለው ያ ድርጅት ብቻ ነው። መከላከያው አንድ ነው፦ ነጋዴው ፊታችሁ ዊንዶውስን ሪሴት እንዲያደርግ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ማዋቀሪያ ገጽ ሲመጣ ከስልካችሁ ኢንተርኔት ጋር አገናኙትና ምን እንደሚጠይቅ እዩ። ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም ይህን ፍተሻ ፈጽሞ አትዝለሉት።

ከዚያ ባትሪው። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት ትዕዛዝ (powercfg /batteryreport) ስትሰጡ አንድ ገጽ ያወጣል፤ በእሱ ላይ ሁለት ቁጥሮችን አነጻጽሩ፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅም (DESIGN CAPACITY) እና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን (FULL CHARGE CAPACITY)። 51,000 ሚሊዋት-ሰዓት የነበረው 38,000 ከደረሰ 75 በመቶ ቀርቶታል ማለት ነው፤ ለተጠቀሙበት ላፕቶፕ ጥሩ ነው። ከ60 በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ። በሰዓት ሲመነዘር 50 ዋት-ሰዓት ባትሪ በቀላል ሥራ 8 ዋት ቢወስድ ስድስት ሰዓት ያህል፣ ኢታብስ ሲያሰላ 25 ዋት ቢወስድ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሪፖርቱን ብቻ አትመኑ፤ በፍተሻው ጊዜ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ አሠሩት። 40 በመቶ ላይ ሆኖ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ከባትሪው ሴሎች አንዱ ሞቷል።

ክሪስታልዲስክኢንፎ የኤስኤስዲውን ጤና በመቶኛ፣ የሠራበትንም ሰዓት ያሳያል፤ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ መቀየር አለበት። ሲፒዩ-ዚ ላይ ስትሬስ የሚለውን ተጭናችሁ 15 ደቂቃ ተዉት፤ በኤችደብሊውኢንፎ ሙቀቱን ተከታተሉ። 85 ወይም 90 ዲግሪ ቢደርስ የተለመደ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 100 ነክቶ ፍጥነቱ ከወደቀ ፋኑ በአቧራ ተደፍኗል ወይም ተርማል ፔስቱ (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሸጋግረው ቅባት) ደርቋል፤ ይህ በርካሽ የሚስተካከል ስለሆነ ዋጋ ለመከራከር ይጠቅማል እንጂ ላፕቶፑን አያስጥልም። ራሱን ካጠፋ ግን ተዉት።

እስከዚያው እያንዳንዱን ፊደል ጻፉ፣ ሁሉንም ቀዳዳ በፍላሽ ሞክሩ፣ ካሜራውንና ዋይፋዩን ፈትሹ፣ ነጭና ጥቁር ምስል ሙሉ ስክሪን ከፍታችሁ የሞተ ነጥብ ፈልጉ።

ቻርጀሩን ለብቻው እዩት። ዴል በክብ መሰኪያው መሃል ባለችው ቀጭን ሽቦ አማካይነት ቻርጀሩን ይለያል፤ ሽቦዋ ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ «የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም» የሚል መልእክት ይወጣል፣ ባትሪው አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ሆን ብሎ ይዘገያል። ብዙ ሰው ላፕቶፑ ተበላሸ ብሎ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ ይህ ጣጣ የለበትም፤ የጓደኛ 65 ዋት ቻርጀርም ያድናል።

ስትከፍሉ ሴሪያል ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የመሞከሪያ ጊዜውም በጽሑፍ ይሁን። በግቢ በር ላፕቶፕ ሲመዘገብም ሆነ ሲጠፋ የሚጠየቀው ያ ቁጥር ነው። በጀታችሁን ሁሉ ለላፕቶፑ አታውሉ፤ ከአስር እጅ ሁለቱን ለተጨማሪ ራም፣ ለጥሩ ዲቫይደርና ለቦርሳ አስቀሩ።

መብራት፣ አቧራና መንገድ

የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል መብራት ሲቀንስ ብዙም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ጠፍቶ ሲመለስ በሚወረወረው ኃይል ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ሰኩ። ስታብላይዘር መግዛት አያስፈልግም፤ ከኃይል ጭማሪ የሚከላከል ዲቫይደር ይበቃል። በክረምት ነጎድጓድ ሲበዛ ግን ከመንቀል የተሻለ መከላከያ የለም። በዶርም የላላ ሶኬት ላይ መሰኪያው ሲንቀሳቀስ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ቻርጀር ገዳይ ነው፤ የላላውን ተዉት። ብረት አካል ያለው ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ሆኖ ስትነኩት በስሱ የሚነዝር ከሆነ ምናልባት ሶኬቱ የመሬት ሽቦ የለውም፤ ቻርጀሩ ኦሪጅናል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም፣ ካልሆነ ግን ቀይሩት።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አየሩ ቀዝቀዝ ማለቱ ያካክሳል፤ ይሁንና የተደፈነ ፋን ችግሩን ቶሎ ያወጣዋል። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ከፍታው ዝቅ ቢልም ሙቀቱ ይበረታል። በሁለቱም ከተማ በዓመት ሁለቴ፣ በመስከረምና በየካቲት አካባቢ፣ ፋኑ ይጠረግ። አየር ሲነፋበት ፋኑን በእንጨት ስንጥር ያዙት፤ በንፋሱ ከፍጥነቱ በላይ ከተሽከረከረ ይበላሻል። አልጋ ላይ ወይም ጋቢ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መግቢያውን ይደፍናል፤ ጠንካራ ካርቶን እንኳ ከሥሩ ቢሆን ይረዳል። ተርማል ፔስቱ በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር።

በአውቶቡስ ስትጓዙ ስሊፕ ላይ አትተዉት፤ ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ በራሱ ነቅቶ ሊግል ይችላል፤ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ ሙቀት ሲጨመርበት ባትሪውን ይጎዳዋል። ከሞተሩ አጠገብም ከጣሪያ ላይ ዕቃ ጋርም አታድርጉት፤ ጭናችሁ ላይ ይሁን።

ዶርም ውስጥ ቀን ከሌት ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጉ፤ ቲንክፓድ በሌኖቮ ቫንቴጅ፣ ዴልና ኤችፒ በባዮስ ያስችላሉ። መብራት ይጠፋል የተባለ ቀን ዋዜማ ብቻ እስከ 100 ሙሉት።

ለሶፍትዌር ክራክ አትፈልጉ። አውቶዴስክ ለተማሪ አውቶካድንና ሪቪትን በነጻ ይሰጣል፣ በየዓመቱ ይታደሳል፤ አንሲስም ነጻ የተማሪ እትም አለው። ማትላብ ለሌለው ጂኤንዩ ኦክቴቭ፣ አርክጂአይኤስ ለሌለው ኪውጂአይኤስ አለ። የቢሮ ላፕቶፖች የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ብዙውን ጊዜ ባዮስ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ያንኑ እትም ስትጭኑ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል፤ አክቲቬተር አውርዶ ቫይረስ ማስገባት አያስፈልግም። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ላይ ፋይሎቻችሁ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው አትጫኗቸው፤ መጀመሪያ በዊንዶውስ ዲፌንደር አስፈትሹት።

የቴሲስ ፋይል ሦስት ቦታ ይኑር፦ ላፕቶፑ ላይ፣ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ በማይቀመጥ ፍላሽ ላይ፣ እንዲሁም ኢንተርኔት ላይ ባለ አካውንት። አራተኛ ዓመት ሲያልቅ፣ ቴሲስ ከመጀመሩ በፊት፣ የባትሪ ሪፖርቱንና የኤስኤስዲውን ጤና እንደገና አውጥታችሁ እዩ። መቀየር ካለበት በክረምቱ ዕረፍት ይቀየር፤ ባትሪ ከአዲስ አበባ ታዝዞ እስኪመጣ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ ኤስኤስዲ ሲቀየርም ሶፍትዌሩን ሁሉ እንደገና መጫን አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል።